የዱባለ ጽጌረዳና የሐምዛ ቡገንቪላ

ዱባለ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የጭነት መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ የሚሠራ ሰው ነበር። ከመንዝ መጥቶ መጀመሪያ ተሸካሚ ሆነ፤ ቀጥሎ ጆንያ ሰፊ፤ በመጨረሻ መዛኝ። ከዚያ ወዲያ ዕድገት ቢሰጡትም አልፈለገም። ቡናው፣ ቆዳው፣ ካርቶኑ በፊቱ ያልፋል፤ እሱም ይሄኛው ከዚያኛው በለጠ እያለ ይውላል። ሥራው ከአመሉ ጋር ገጥሞለት ነበር። ሁለት ነገር ጎን ለጎን ካየ ሳያወዳድር ማለፍ አይሆንለትም። በአንድ ሳምንት ሁለት ለቅሶ ቢገጥመው እንኳ ቤቱ ሲመለስ የትኛው ቤት አልቃሽ እንደበረታ ለሚስቱ ለፈለቀች ያስረዳታል። ፈለቀች በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው እያፈሰሰች ሽንኩርቷን ትከትፋለች።

የሚኖሩት ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ፣ የትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅ ተወርሶ ቀበሌ ባከራየው ቤት ነበር። የቀድሞዋ ባለቤት ስትወጣ ዕቃዋን ሁሉ ጭና ሄዳለች፤ መጫን ያልቻለችው በረንዳው ሥር የተከለቻትን ቀይ ጽጌረዳ ብቻ ነበር። ዱባለ መጀመሪያ ያጠጣት አዝኖላት ነው። ባለቤቷ ጥላት የሄደች ፍጥረት ናትና። ኋላ ግን ሐዘኑ ወደ ፍቅር ዞረ። ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ቅጠሏን ሳያረጥብ ሥሯን ብቻ ያጠጣል። ከጉርድ ሾላ የላም እበት በጆንያ ያመጣላታል፤ ያኔ ጉርድ ሾላ ከብትና ገብስ የሚታይበት የከተማ ዳር ነበር። ጥቃቅን አረንጓዴ ተባይ ሲወራት የሳሙና ውሃ ይረጫታል፤ የደረቀውን ቅርንጫፍ በመቀስ ያነሳል፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ እስከ ጉልበቱ ድረስ ይቆርጣታል። ፈለቀች ታዲያ እኔ ታምሜ ስተኛ እንዲህ ስትሆን አላየሁህም አለችው አንድ ቀን። እሱም ሁለቱን ካወዳደረ በኋላ እውነትሽን ነው አላት።

ጎረቤቱ ሐምዛ ነው። ሐምዛ የአምባሰል ሰው ነው፤ ቤቷ የተወረሰባትን የዚያችኑ ሴትዮ ሁለተኛ ቤት ከቀበሌ ተከራይቶ፣ የመንገዱን መስኮት ሱቅ አድርጎ ስኳር፣ ሳሙናና ባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። በእሱ ግቢ ያለው ተክል ቡገንቪላ ነው። ግንዱ እንደ ክንድ ወፍሮ፣ ጣሪያው ላይ ወጥቶ፣ ከበጋ እስከ በጋ ቆርቆሮው እሳት የተያያዘ እስኪመስል ይቀላል። ሐምዛ ለዚህ ሁሉ የሚያደርግለት ነገር ቢኖር አለማድረግ ነው። ውሃ አይሰጠውም። ፍግ አያውቅም። መሬቱ ጠጠር ነው። ቀለሙ ቀነስ ሲል በዱላ ግንዱን መታ መታ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ይደነግጥና ያብባል ይላል።

ሁለቱ ወዳጆች እሑድ እሑድ በአጥሩ ላይ ተደግፈው የሚከራከሩት በዚህ ነበር። ዱባለ፣ ያልለፉበት አበባ አበባ አይደለም ይላል። ሐምዛ ደግሞ፣ ለፍተህ ካስፈገግከውማ ፈገግታው የአንተ እንጂ የእሱ አይደለም ብሎ ይመልስለታል። ማንም አሸንፎ አያውቅም። በዚሁ ኖረው ቢሆን ኖሮ የሚተርክ ነገር ባልኖረ።

ነገሩ የመጣው አብዮቱ አሥር ዓመት ሊሞላው በተቃረበበት በ1976 ዓ.ም. ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረወልድ ይባል ነበር። ቀድሞ ቴምብር ሲሸጥ የኖረ፣ የተደረደረ ነገር የሚወድ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። ለበዓሉ የሚመጡ እንግዶች ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲወጡ በቀበሌው በኩል ያልፉ ይሆናል የሚል ወሬ ደረሰውና፣ የመንገዱ ዳር አጥር ሁሉ በአንድ ዓይነት ቀይ አበባ እንዲሸፈን አሰበ። አንድ ዓይነት፤ አሳቡ የተደናቀፈው እዚህች ላይ ነው። በመንደሩ ዘራቸው ተባዝቶ ሊዳረስ የሚችል ቀያይ ተክሎች ሁለት ነበሩ፤ የዱባለ ጽጌረዳና የሐምዛ ቡገንቪላ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ አንዱን መርጦ ማስተከል ሲችል ሕዝቡ ተወያይቶ ይምረጥ አለ።

አዳራሹ ሞላ። ያልመጣ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝማ። ገብረወልድ መጀመሪያ የጽጌረዳዋን አኗኗር አስረዳ። ውሃ በየጊዜው ትሻለች፣ ፍግ ትጠይቃለች፣ ተባይ ይለቀምላት፣ ጸጉሯ ይከርከምላት ትላለች። ይህን ሁሉ አገልግሎት የለመደ ማን ነው ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ከኋላ አንዱ ባላባት ብሎ መለሰ፤ ተጨበጨበ። ቡገንቪላው ግን ውሃ አይለምን፣ ፍግ አይጠይቅ፣ በጠጠር ላይ ይበቅላል፤ ይህስ ማንን ይመስላል ሲል፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ሰፊውን ሕዝብ አለ። ሐምዛ ያለ ፈቃዱ የሰፊው ሕዝብ አሳዳጊ ሆኖ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ዱባለ ተናደደ። ጽጌረዳዬን ባላባት አሏት ብሎ ብቻ አይደለም፤ ሚዛኑ ትክክል አልነበረም። በአንዱ ላይ እንከን ብቻ፣ በሌላው ላይ ምስጋና ብቻ ተጭኖ እንዴት ይመዘናል? እጁን አወጣ። ቡገንቪላም ጉድለት አለው፤ ብቻውን መቆም አይችልም፣ የሰው ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚወጣው አለ። ይህን ብሎ ቢቀመጥ ጥሩ ነበር። አልተቀመጠም።

«ደግሞም ቀይ የሚመስለው አበባው አይደለም» አለ። «እሱ ቅጠል ነው። አበባው መሃል ያለችው ሚጢጢዋ ናት። እሷ ደግሞ ነጭ ናት።»

ሰው ሁሉ ወደ ሐምዛ ዞረ። በዚያ ዘመን፣ የቀይና የነጩ ነገር ገና ከሰው አጥንት ሳይወጣ፣ ላዩ ቀይ ውስጡ ነጭ ማለት የአበባ ወሬ አልነበረም። ገብረወልድ አንድ ዘለላ ተቀጥፎ እንዲመጣ አዘዘ። ዘለላው መጣ። ከፈተው፤ አየ። ለምክትሉ ሰጠው፤ ምክትሉም አይቶ ለጎረቤቱ አቀበለ። ዘለላው አዳራሹን ሁሉ ዞረ፤ የደረሰው ሰው ሁሉ እንደ ፍም እያየው ቶሎ ወደሚቀጥለው ያሳልፋል። በመጨረሻ ሐምዛ እጅ ላይ ቆመ። ገብረወልድ ይህን ከመቼ ጀምሮ ያውቅ እንደነበር ጠየቀው። ሐምዛ እኔ ስኳር ሻጭ ነኝ፣ ውስጡን ገልጬ አይቼው አላውቅም አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዱባለ ያደረገውን ያወቀው የወዳጁን ድምፅ ሲሰማ ነው። እንደገና ተነሣና አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። ነጩ ከተፈጥሮው ላይሆን ይችላል፣ ከአያያዝ ጉድለት ሊሆን ይችላል፣ በሚገባ ቢያዝ ይታረም ይሆናል አለ። እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ እያወቀ ነው የተናገረው፤ ሐምዛን ለማውጣት ሌላ ገመድ አላገኘም። ገብረወልድ ግን ገመዱን በደስታ ተቀበለው። ለእሱም መውጫ ሆነው። ወዲያው ውሳኔውን አሰማ፦ ነጩን ያየው ጓድ ዱባለ ስለሆነ ቡገንቪላውን ወስዶ ያርመዋል። ጓድ ሐምዛ ደግሞ አገልግሎት ለማይጠይቅ ተክል ልምድ ስላለው ጽጌረዳዋን ወስዶ የባላባት ጠባይዋን ያስተዋታል። ክረምቱ ሲያልቅ ሁለቱ ተመዝነው የተሻለው ይመረጣል። አንዱ የሌላውን ተክል መንካትም ሆነ ስለ ተክሉ መምከር አይችልም፤ ውጤቱ ይበላሻል።

ሐምዛ ቡገንቪላ ከሥሩ ከተነካ ይሞታል፣ ሊነቀል አይችልም ሲል አስታወሰ። ገብረወልድ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ቤቶቹ የመንግሥት መሆናቸው ትዝ አለው።

«ተክሎቹ ካልተነቀሉ» አለ፣ «ሰዎቹ ይነቀላሉ።»

በሚያዝያ አጋማሽ ሁለቱ ቤተሰቦች ቤት ተለዋወጡ። ዕቃው ብዙ ስላልነበረ በአንድ ጠዋት አለቀ። ሴቶቹ፣ ፈለቀችና የሐምዛ ሚስት ዘሃራ፣ መጀመሪያ ያሻገሩት ድስትና መክተፊያ ነው፤ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ በአንድ ድስት አይገናኝምና። ሐምዛ በዱባለ ሳሎን ውስጥ የተረሳ የገብርኤል ሥዕል አግኝቶ በነጠላ ጠቅልሎ ራሱ አመጣላቸው። ከሁሉ የከበደው የፈለቀች እናት የወይዘሮ ወለተማርያም ነገር ነበር። አልጋቸውን አቅፈው፣ በአበባ ምክንያት ከቤቱ የተባረረ ሰው በየት አገር ታይቷል እያሉ ተሻገሩ። ከዚያ በአዲሱ ቤት ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለራሳቸው መረጡ።

ሱቁ አብሮ አልተዛወረም። መስኮቱ የቤቱ አካል ነው። ስለዚህ ሐምዛ ጠዋት ጠዋት ከጽጌረዳዋ ቤት ወደ ራሱ ሱቅ እየተሻገረ ይሸጣል። እሱ ሰግዶ እስኪመለስ ሰው መስኮቱን ካንኳኳ የምትከፍተው ፈለቀች ናት። መጀመሪያ ባለቤቱ የለም ትል ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሳሙና በስንት እንደሚሸጥ ከሐምዛ በላይ አወቀች።

ዱባለ ቡገንቪላውን መንከባከብ የሚያውቀው ፍቅር በሚያውቀው መንገድ ብቻ ነበር። ጠዋት አጠጣው። ማታም አጠጣው። ጠጠሩን ቆፍሮ ከጉርድ ሾላ እበት አመጣለት። ቡገንቪላው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ግብዣ ደርሶበት ስለማያውቅ ደስታውን መሸከም አቃተው። ክንድ የሚያህል ቀንበጥ አወጣ፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን ሰፋ፣ ቀዩ አንድ በአንድ ረገፈና ጣሪያው በሙሉ ለምለም አረንጓዴ ሆነ። ዱባለ ነጩ አበባ ጨርሶ ጠፍቷልና ታርሟል ብሎ ሊጽናና ሞከረ። ገብረወልድ ሊጎበኝ መጥቶ ግን ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ አንጋጦ አየ። ነጭ ከመሆን ወጥቶ ወደ ቀይ እንዲመጣ ነበር የተላከው፤ ይህ የት እየሄደ ነው ብሎ ጠየቀ። ዱባለ በሽግግር ላይ ነው አለው። መልሱ ጥሩ ሆኖ ተገኘና ሊቀመንበሩ ጽፎት ሄደ።

በአጥሩ ወዲያ ጽጌረዳዋ እየሞተች ነበር። ዱባለ በቆርቆሮው ሽንቁር ያያታል። ቅርንጫፏ ዝም ብሎ ረዝሞ ቀጥኗል፣ እምቡጦቿ ተባይ ለብሰዋል፣ መሬቷ ተሰነጣጥቋል። ሐምዛ ሰነፍ ነው ብሎ በልቡ ከሰሰው። አንድ ቀን ሱቁ መስኮት ላይ ማንም ሳይኖር አገኘውና፣ ሰው ጠላቱን እንኳ ውሃ አይነሳም ብሎ ተናገረው። ሐምዛ የስኳር ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ወንድሜ ከነልጆቹ ከአምባሰል ወጥቷል። ምንጩ ደርቆ ነው የወጣው፤ የት እንደደረሰ አላውቅም» አለ። «ጣሳውን አንሥቼ፣ ቧንቧ ከፍቼ እቆማለሁ። አበባ ላይ ማፍሰስ እጄ እምቢ አለኝ።»

በዚያ ዓመት ከወሎ የሚመጣው ወሬ በሬዲዮ አይነገርም ነበር፤ በሹክሹክታ ነበር የሚያልፈው። ዱባለ ቤቱ ገብቶ የውሃውን ጣሳ ደፍቶ አስቀመጠና ያን ቀን ቡገንቪላውን አላጠጣውም። ለተክሉ ብሎ አልነበረም።

ቢሆንም ክረምቱ አልፎ በዓሉ ሲመጣ ሁለቱም እንደሚጠየቁ ያውቁ ነበር። አንዱ ለምን አረንጓዴ ሆነ፣ አንዷ ለምን ደረቀች ቢባል መልሱ የት እንደሚያደርስ አይታወቅም። መማከር ነበረባቸው። መማከር ደግሞ የተከለከለ ነው፤ በሁለቱ ግቢ መካከል ባለ አሮጌ ጠመንጃ የአብዮት ጥበቃ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። ስለ ዘመድ እያወሩ እንዲመስል ቡገንቪላውን አማትህ፣ ጽጌረዳዋን አክስትህ ሊሉ ተስማሙ። በማግስቱ እሑድ እንደ ድሮው አጥሩ ላይ ተደገፉ።

«አማትህን አበላሸሃት» አለ ሐምዛ። «ውሃ ከልክላት። እስክትጠወልግ ድረስ ከልክላት፤ ያን ጊዜ ነው ፊቷ የሚቀላው። ምግብም አታብዛባት። እምቢ ካለች በዱላ መታ መታ ነው።»

«አንተ ደግሞ አክስትህን ቁረጣት» አለ ዱባለ። «ነሐሴ ሲጋመስ፣ እስከ ጉልበቷ ድረስ። አትዘንላት። ከዚያ እበት አልብሳት።»

ጠባቂው በርጩማው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ወዲያው ተነሥቶ ወደ ቀበሌ ሄደ።

የቀበሌው ሴቶች ማኅበር በማግስቱ ዱባለ ቤት መጣ። ወይዘሮ ወለተማርያምን ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ውስጥ አገኟቸውና ውሃ ይሰጡዎታል ወይ፣ ምግብ ያገኛሉ ወይ፣ ተመተው ያውቃሉ ወይ ሲሉ ጠየቋቸው። እሳቸውን ለዓመታት እንዲህ በትሕትና የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ትራሳቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ውሃስ ይሰጡኛል፣ ጠላ ግን ከፋሲካ ወዲህ አልቀመስኩም አሉ። ድብደባን በተመለከተ እስካሁን የለም፣ ለወደፊቱ ግን አላውቅም ብለው መለሱ።

ገብረወልድ ዱባለንና ሐምዛን አስጠራ። ሐምዛ አክስቱ ከብዙ ዓመት በፊት መሞቷን በእማኝ አስረድቶ በቶሎ ተለቀቀ፤ የሞተ ሰው እስከ ጉልበቱ ቢቆረጥ የማን ጥፋት እንደሚሆን ማንም አላወቀም። ዱባለ ግን አማቱ በሕይወት አሉ። ሁለት መንገድ ብቻ ቀረው። ያወራነው ስለ ተክል ነው ካለ፣ የተከለከለውን ምክር ሰጥተዋልና ሁለቱም ይጠየቃሉ፤ ሐምዛ ላይ ደግሞ የነጩ ነገር ገና አልተዘጋም። አማቴን ውሃ ልከለክል አስቤ ነበር ካለ የሚጠየቀው ብቻውን ነው። ሁለቱን ለጥቂት ጊዜ በልቡ መዘናቸው። የአማቲቱ ቀለለችው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ ግለሂስ አደረገ። አማቴን በውሃ ጥም ለማቅላት አስቤ ነበር፣ አስተሳሰቤ ኋላቀር ነበር አለ። ፈለቀች ሳቅዋን ለመደበቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ነበር። ወይዘሮ ወለተማርያም ከፊት ረድፍ ተነሥተው፣ በሕዝብ ፊት ይቅር ብየዋለሁ፣ ነገር ግን ቀበሌው እየተመላለሰ ይየኝ አሉ። ተጨበጨበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ አንዲት የማኅበሩ ሴት እየመጣች ትጠይቃቸዋለች፤ ጠላውም ተጠመቀ።

ምክሩ ግን ተሰምቷል። ዱባለ ቡገንቪላውን ውሃ ከለከለ። ሆኖም ክረምት ነው፤ ሰማይ ሳያቋርጥ ያጠጣል፤ ለሰማይ የስብሰባ ውሳኔ አይነገረውም። ከመጋዘኑ የተጣለ የጭነት ሸራ አምጥቶ በቡገንቪላው ሥር ዙሪያ እንደ ድንኳን ወጠረ። ወይዘሮ ወለተማርያም የማን ለቅሶ ነው ብለው ጠየቁ። ዝናብ በሚበረታበት ቀን ዱባለ ራሱ እየበሰበሰ ዣንጥላውን ተክሉ ላይ ይይዛል። ሐምዛም በበኩሉ በነሐሴ አጋማሽ መቀስ ይዞ ወጣ። ጽጌረዳዋን ክረምቱ ራሱ ስላጠጣት ነፍሷን አግኝታ ነበር፤ ለመቁረጥም ሆነ ለማልበስ ውሃ አያስፈልግምና እጁ አልከለከለውም። እስከ ጉልበቷ ቆረጣት።

ጳጉሜን ላይ ገብረወልድ ከነኮሚቴው ሊመዝናቸው መጣ። በአንዱ ግቢ በሸራ የተጀቦነ፣ አንዲት ቀይ ዘለላ ከጫፉ ብቅ ያለችበት አረንጓዴ ተራራ አለ። በሌላው ግቢ እበት የተከመረባቸው እሾኻማ ጉቶዎች አሉ። ሊቀመንበሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመላለሰ። ፊቱ ገረጣ። የሚተከል አበባ የለም፤ በዓሉ ቀረበ። ዱባለ ያን ጊዜ ነበር የታዘበው፤ ገብረወልድም ከላዩ የሚፈራው ሰው ነበረው።

መላ የተገኘው ከዋቅጅራ ነው። ዋቅጅራ ከለሚ በኩል እየመጣ በጭነት መኪናዎች ላይ አንበሳና ርግብ የሚሥል ሰዓሊ ነው። የመንገዱን ዳር ቆርቆሮ አጥር ሁሉ አበባ ልሣልበት አለ። ቀለም መጣ። የትኛውን አበባ ልሣል ብሎ ሲጠይቅ ግን ኮሚቴው እንደገና ለሁለት ተከፈለ፤ በመጨረሻም የጽጌረዳ አበባ በቡገንቪላ ግንድ ላይ ይሁን ተባለ። ውስጡ ነጭ እንዳይኖረው፣ እሾህም እንዳይኖረው። ዋቅጅራ ሣለ። ውሃ የማይሻ፣ ፍግ የማይጠይቅ፣ መቁረጥም መምታትም የማያስፈልገው ተክል ሆነ። በበዓሉ ሰሞን መኪኖች በመንገዱ አልፈዋል፤ እንግዶቹ በየትኞቹ ውስጥ እንደነበሩ፣ ወይም በሌላ መንገድ አልፈው እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ገብረወልድ ግን ተመሰገነ።

ጥቅምት ገባ። ዝናቡ ቆመ፣ ፀሐዩ ወጣ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ ሁለቱ ተክሎች በአንድ ሳምንት አበቡ። ቡገንቪላው የተነፈገውን ውሃና የተሸከመውን እበት ሁሉ ወደ ቀለም ለውጦ ከጣሪያው በአጥሩ ላይ ወደ መንገዱ ፈሰሰ። ጽጌረዳዋ ከጉቶዋ ቀያይ ቀንበጥ አውጥታ፣ ዱባለ በዘመኑ አይቶት የማያውቀውን ቡጢ የሚያህል አበባ ተሸከመች፤ ከቆርቆሮው በላይ አንገቷን አወጣች። መንገደኛ ቆሞ ያያል። ሐምዛ ጽጌረዳዋን፣ ዱባለ ቡገንቪላውን እያዩ፣ አንዱ የሌላውን እንዳሳደገ አውቀው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከሩም።

ገብረወልድ በዚያው ሰሞን መጣ። ረጅም ጊዜ ቆሞ አየ፤ ዱባለም ሊያመሰግነን ነው ብሎ ኮቱን ቆለፈ።

«ጓድ ዱባለ» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ሥዕሉን ሸፈነው።»

ትእዛዙ ግልጽ ነበር። ለበዓሉ የተሣለው አበባ በንብረትነት ተመዝግቧል፤ ከፊቱ የሚንጠለጠል ማናቸውም ነገር ይቆረጣል። ዱባለና ሐምዛ አንድ ጠዋት መሰላል አቁመው ቆረጡ። ቡገንቪላው ከአጥሩ ከፍታ በታች ሆነ፣ ጽጌረዳዋም አንገቷን አገባች። የተቆረጠውን አበባ ዘሃራና ፈለቀች የጭድ ክምር ያህል ሰብስበው፣ የት እንደሚያደርሱት አጥተው፣ እኩሌታውን ለቤተክርስቲያን፣ እኩሌታውን ሰርግ ላለበት ጎረቤት ሰጡ።

የሐምዛ ወንድም በኅዳር መጣ። ሚስቱና አንዲት ልጁ አብረውት ነበሩ፤ የቀሩት አልነበሩም። በጽጌረዳዋ ቤት አረፈ። ዱባለ ሊጠይቀው ሲገባ ሰውየው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሐምዛ ከቧንቧው በጣሳ ውሃ ሲቀዳ ያያል። ሐምዛ ወንድሙን አጠጣው፤ ሲጠግብ የቀረውን ይዞ ቆመ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ጽጌረዳዋ ሥር አፈሰሰው፤ ዱባለ ያደርግ እንደነበረው፣ ቅጠሏን ሳያረጥብ።

ቤታቸው እንዲመለስላቸው ብዙ ጊዜ ጠየቁ። ገብረወልድ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው ይላቸው ነበር፤ ኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ የተካውም ሰው የምን ልውውጥ ነው ብሎ ደነገጠ። በመዝገብ ላይ ሁለቱም ቤቶች ትክክለኛ ተከራይ ነበራቸው። ዓመታት አለፉ። ፈለቀች የሱቁ ግማሽ ባለቤት ሆነች ቢባል ይቀላል፤ ሐምዛ ያለ እሷ ዕቃ አያወርድም። ወይዘሮ ወለተማርያም ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ውስጥ በእርጅና አረፉ። ድንኳኑ ለሁለቱም ግቢ ተጣለ፤ ሐምዛም እንደ ልጅ ሆኖ ሰው ተቀበለ። የማኅበሩ ሴቶች መጥተው ሲያለቅሱ፣ ዱባለ ከሌላ ለቅሶ ጋር ሊያወዳድረው ጀምሮ ተወው።

መንግሥት ሲለወጥ፣ በ1983 ክረምት፣ አዲስ የመጣ የቀበሌ ሠራተኛ አቤቱታቸውን ከአንድ አሮጌ ፋይል አገኘውና ዱባለን አስጠራው። ያለአግባብ ከቤታችሁ ተነሥታችኋል፣ ከተስማማችሁ ነገውኑ መመለስ ትችላላችሁ አለው። ዱባለ አመስግኖ ወጣ። ከዚያ በቀጥታ ሐምዛን ሊያማክር ወደ ድሮ ቤቱ ሄደ። የወንድምየው ልጅ አድጋ በር ከፈተችለት። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ስለ ክረምቱ፣ ስለ ዳቦ ሰልፍ፣ ስለ ሐምዛ የጉልበት ሕመም ሲያወሩ ቆዩ። ምሽቱ መጣና ተነሥቶ ቻው ብሎት ወጣ።

ፈለቀች የሱቁን መስኮት እየዘጋች ቀበሌ ለምን እንደጠሩት ጠየቀችው፤ ነገራት። ታዲያ ሐምዛ ምን አለ አለችው።

«ሳልነግረው ረሳሁት» አላት።

እሷም የመስኮቱን መቀርቀሪያ ወደ ታች ገፋችና እራት ልታቀርብ ገባች።